ማን መታኝ

ባሌ መሪጌታ የኋላሸት መቀመጥ የማይችል ሰው ነበር። ሰው ፊት «አንቱ» ነው የምለው፤ በሆዴ ግን ሁልጊዜ «አንተ» ነው፤ እዚህም በሆዴ ነው የማወራው። እራት ሲበላ እንኳ በርጩማው ላይ የሚያርፈው ግማሽ ጎኑ ብቻ ነው። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው ደብራችን የማኅሌት መሪ ነው። ማኅሌት ማለት ደግሞ መቆም ነው፤ መቋሚያ ተደግፎ ወደ ቀኝ ወደ ግራ እየተወዛወዙ፣ ወረቡ ሲደምቅ በእግር ጣት ብድግ እያሉ። ባሌ ሲወርብ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። እኔም በልጅነቴ የወደድኩት ያን እግሩን አይቼ ነው፤ ፊቱንማ ያስተዋልኩት ኋላ ነው።

ወንድ ልጃችን አንድ ነው፤ ይሄነው ይባላል። አባቱ መቋሚያውን ሊያወርሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስቁሞ ነው ያሳደገው። ሰዎች «የልጅዎ ድምፅ ከእርስዎ ይበልጣል» ሲሉት ደስ እያለው «እግሩ ግን ገና ነው» ይል ነበር። ከዚያ የአገሩ ወጣት ሁሉ በጅቡቲ በየመን አድርጎ ሳዑዲ ሲነጉድ ልጄም አንድ ማለዳ ሳይሰናበት ተከተለ። ባሌ «ማኅሌቱን ጥሎ የሰው ፍየል ሊጠብቅ ሄደ» አለና ስሙን ማንሣት ተወ። ልጄ ዓመታት ቆይቶ፣ እስር ቤት ከርሞ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ተመለሰ። የመጣው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። እኔ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ ሳለቅስ አባቱ መቋሚያውን አንሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ።

ከዚያ በኋላ አባትና ልጅ አንድ ገበታ ላይ ቀርበው በእኔ አፍ ይነጋገሩ ጀመር።

«ለዚያ ለልጅሽ ንገሪው፤ በሬው ውኃ አልጠጣም» ይላል አንዱ። ልጁ ያለው አጠገቡ ነው።

«እማዬ፣ ጠዋት አጠጥቼዋለሁ በያቸው» ይላል ሌላው።

«እኔ ምን ቴሌ አደረጋችሁኝ!» ብዬ አንድ ቀን ጮህኩባቸው። ሁለቱም ሳቃቸውን ዋጡ። ሳቅ ሲውጡ አንድ ናቸው፤ ከንፈራቸውን ወደ ግራ ጎተት ያደርጋሉ። ያን ሳይ ይታረቃሉ ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ ያን ጾም የኖርኩትም በዚያ ተስፋ ነው። ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም፤ አባትና ልጅ ያለ እኔ አፍ እንዲነጋገሩ ብቻ።

ባሌን ተረከዙን ያመመው በዚሁ ወራት ነው። ከተረከዙ ከፍ ብሎ ያለው ጅማት ያብጥና ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዞ ነው የሚራመደው። ከተማ ወስጄ አሳየሁት። የመረመረው ሐኪም «ይረፉ፣ ብዙ አይቁሙ፣ ይህን ክኒን ጠዋት፣ ቀንና ማታ ከምግብ በኋላ ይዋጡ» አለው። ባሌ አመስግኖ ወጣና ክኒኑን በር ላይ ለእኔ ሰጠኝ።

«በዐቢይ ጾም፣ ጠዋት፣ ከምግብ በኋላ?» አለ።

የሚጾም ሰው ዘንድ ጠዋት ምግብ የለም። ንስሐ አባታችን «ለታመመ ተፈቅዷል» ቢሉት «ለታመመ እንጂ ለእግር አልተፈቀደም» ብሎ መለሰላቸው። በእሱ ቤት እግሩን ያመመው ሰው ከታመመ አይቆጠርም።

መርፌ ግን በአፍ አይገባም። በአፍ ያልገባ ነገር ጾም አይገድፍም ይላል የእኛ አገር ሰው፤ በዚያ ላይ ክኒን የልጅ ነው፣ መድኃኒት ማለት መርፌ ነው። ገበያው አጠገብ ትንሽ ክሊኒክ ያለው ፈንታሁን የባሌ የክርስትና ልጅ ነው። እሱ ዘንድ ሄደና ያበጠው ቦታ ላይ ተወጋ። ከቀናት በኋላ ባሌ እንደ ጥጃ ቦረቀ። በሰንበት ቆሞ አደረ፤ የጾሙን ዜማ በመቋሚያ መራ፤ ካህናቱ «መሪጌታ ጎልማሳ ሆኑ» ብለው ቀለዱበት። እኔም ፈንታሁንን መረቅሁት፤ እጅህ ይባረክ አልኩት።

መድኃኒቱ ስቴሮይድ እንደሚባል የሰማነው ኋላ ነው። ያኔ ስሙ «የፈንታሁን መርፌ» ነበር። ይለቀዋል፣ ሕመሙ ይመለሳል፣ ይሄዳል፣ ይወጋል። እንዲህ እያለ ጾሙ ተጋመሰ። አንድ ቀን ፈንታሁን «አባቴ፣ ይህ ነገር ሲደጋገም ጥሩ አይደለም፤ ቢያርፉስ?» አለው። ባሌ «ሆሳዕናን ቆሜ ልለፍ፣ ስቅለትን ልስገድ፤ ከዚያ እስከፈለግህ እተኛልሃለሁ» አለው። ፈንታሁን ክርስትና ያነሣውን ሰው እምቢ ማለት ከበደውና ወጋው።

ይሄነው ይህን ሲያይ ይበግናል። መርፌው የሚያድን ቢሆን ኖሮ መልሶ መልሶ ለምን ያማቸዋል ይለኛል፤ እኔ ለአባቱ አደርሳለሁ፤ አባቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። አንድ ቀን ከጎረቤት ጋር ደጅ ተቀምጠን ሳለ ባሌ ከፈንታሁን ዘንድ ደረቱን ነፍቶ ሲመጣ ልጄ አልቻለም። ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአባቱ በቀጥታ ተናገረ።

«አባባ፣ ያን እግር ካላሳረፉት አንድ ቀን እኔው ሰብሬ ነው የማሳርፍዎት!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቱ አልሳቀም። «ለልጅሽ ንገሪው» አለኝ፣ «የሰው አገር እስር ቤት አባት መስበርም ያስተምራል ወይ በይው።» ልጄ ፊቱ ጠቆረ። ያ ንግግር ከፍቅር የመጣ መሆኑን እኔ እናቱ አውቃለሁ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ጎረቤቱ በሙሉ ሰምቶታል።

ስቅለት ለእኛ ቀኑን ሙሉ ስግደት ነው። በመጨረሻ ቄሶቹ በወይራ ቅጠል ጀርባ ጀርባችንን ጠብጠብ ያደርጉናል፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ይቅር ይባባላል። በዚያ ሰዓት፣ በደብሩ ሁሉ ፊት፣ የትኛውም አባት ልጁን እምቢ አይልም። እኔም ጠዋት ይሄነውን ነጠላውን እያስተካከልኩለት «ከአባትህ ኋላ ስገድ፤ አትራቅ» አልኩት። እሱም ገብቶት ፈገግ አለ፤ ከንፈሩን ወደ ግራ ጎተት አድርጎ።

እኔ በሴቶች በኩል ሆኜ እየሰገድኩም ዓይኔ እነሱ ላይ ነው። ባሌ ከፊት፣ ልጄ ከኋላ፤ እኩል ይወድቃሉ፣ እኩል ይነሣሉ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ሰው ደክሟል፤ ባሌ ግን እንደ ጠዋቱ ነው። ግንባሩን መሬት አስነክቶ በእግሩ ጣት ገፍቶ ሲነሣ አንድ ድምፅ ተሰማ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ቀጭ እንደሚለው ዓይነት ነው። ባሌ ቆመ ስል ወደቀ። ወድቆም መጀመሪያ ያደረገው ወደ ኋላ መዞር ነው። ከኋላው ይሄነው ነበር፤ ገና ከመሬት ቀና እያለ።

«ማን መታኝ?» አለ ባሌ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «መታኝ! በእግሩ መታኝ!»

«አባባ፣ እኔ አልነካሁዎትም!»

«እሰብርሃለሁ ብለህ ዝተህ ሰበርከኝ! በጌታ ስቅለት!»

ቄሶቹ «መሪጌታ፣ ይተዉ» እያሉ ቀረቡ። ባሌ ግን ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ተረከዙን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ያችን ቃል አወጣት። «የአባቱን እግር የሰበረ፣ እግሩ ማረፊያ አያግኝ!» አለ። አሜን ያለ ሰው አልነበረም። ልጁ አላደረገውም ብሎ የቆመለትም አልነበረም፤ ዛቻውን ሰምተዋላ።

ማታ ይሄነው እጆቹን እያገላበጠ ያያል። «እማዬ፣ ግንባሬ ነክቷቸው ይሆን? ክርኔ ይሆን? ቀጭ ሲል እኔም ሰምቻለሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም» አለኝ። «አልነካሃቸውም» አልኩት። «አይተሻል?» አለኝ። እግራቸውን አላየሁም ነበር። ዋሽቼ «አይቻለሁ» ብለው ኖሮ ዛሬ ምን ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ወጌሻ መጥቶ «ወለምታ ነው» አለና በቅቤ አሸት አሸት አድርጎ አሰረው። የፋሲካ ዕለት ባሌ ዶሮውን ሳይነካ ተኝቶ ጣሪያ ጣሪያ ሲያይ ዋለ። ወደ ማምሻው ሲሆን በዝግታ ጠራኝ።

«አሰጋሽ፣ እውነት መቶኝ ይሆን?»

«እንዴት ይመታዎታል፣ ልጅዎ አይደለም?» አልኩት። ፊቱ ሲለሰልስ አየሁ። ነገ ይታረቃሉ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

በማግሥቱ ሽማግሌዎች መጡ። ታላቃቸው ጎረቤታችን ሼህ ሙሐሲን ናቸው፤ በእኛ አገር እርቅ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አይለይም። ሽማግሌዎቹ በር ላይ ልጄን መከሩት፤ ክፉ አስበው አይደለም፣ ሥርዓቱ ስለሆነ ነው። «አላጠፋሁም እያልክ እርቅ የለም፤ አላጠፋሁም ማለት አባቴ ዋሸ ማለት ነው» አሉት። «አጠፋሁ በል፤ አፉ በሉኝ በል። አባት ነው፣ አንጀቱ አይችልም።» ከስንቱ ቤት ጠብ ያበረዱት በዚህ ነው። የእኔን ወንድምም ከባላንጣው ያስታረቁት በዚሁ ነው።

ልጄ ትልቅ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ። አልጋው እግር ሥር ተንበረከከ።

«አባባ፣ መትቼዎታለሁ። አፉ ይበሉኝ።»

የባሌን ፊት እያየሁ ነበር። ያ የለሰለሰው ፊት ሲጠነክር አየሁት። ሌሊቱን ሙሉ ምናልባት አልመታኝም ሲል አድሮ ነበር፤ ሊምረው የተዘጋጀው ያልመታውን ልጅ ነበር። አሁን ልጁ ራሱ መታሁ አለ።

«ካመነማ እውነት ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሼህ ሙሐሲን ለመኑት፤ «መሪጌታ፣ አላህም ይምራል እኮ» አሉት። እኔም እግሩን ስሜ ለመንኩ። «መሪጌታ፣ ለእኔ ሲሉ!» አልኩት። ትከሻው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ልጄ ድንጋዩን እንደተሸከመ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ወጣና በር ላይ አወረደው። ወደ ከተማ ደርሼ ልምጣ ብሎኝ ሄደ። አልተመለሰም። ወደ ጅቡቲ መንገድ ከጓደኞቹ ጋር እንደወጣ የሰማነው ዳግም ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ነው። እግሩ ማረፊያ አያግኝ ተብሎ የለ፤ አላገኘም።

የባሌ እግር አልድን አለ። እብጠቱ ጎደለ፣ ግን ሲራመድ ተረከዙ እንደ ጨርቅ ይጎተታል። ወጌሻው እጁን አነሣ። ደሴ ልውሰድዎት ብል መንገዱ ተዘግቶ ከረመ። ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና ወጣን፤ አቀስታ ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እኔና እሱ አንድ ጋቢ ለብሰን ቃል ሳንተነፍስ ደሴ ገባን።

ያየችው ሐኪም ዶክተር ኡምኩልሱም ትባላለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጨዋታ የምትወድ ልጅ ናት። ባሌን በሆዱ አስተኝታ፣ እግሮቹን ከአልጋው ጫፍ አሳልፋ፣ የደህናውን እግር ባት ጨበጠች። የእግሩ ጣት ዝቅ አለ፤ የሰገደ ይመስላል። የታመመውን ባት ጨበጠች። ምንም አልሆነም። ደግማ ጨበጠች። ያው ነው።

«ጅማቱ ተበጥሷል፣ አባቴ» አለች። «መርፌ ተወግተው ነበር እንዴ እዚህ ላይ?»

እኔ ስለ ፈንታሁን መርፌ ነገርኳት፤ ስለ ጾሙም፣ ስለ ክኒኑም። ሰማችኝና ቀስ ብላ አስረዳችን። መርፌው ስቴሮይድ መሆን አለበት አለች። ሕመሙንና እብጠቱን ያጠፋል፤ ግን ጅማቱ ላይ ሲደጋገም ጅማቱን ያሳሳዋል። ሕመሙ ስለጠፋ ሰውየው ዳንኩ ብሎ ይቆምበታል፣ ይዘልበታል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ብድግ ሲል፣ ይበጠሳል። ማንም ሳይነካው።

«ማንም ሳይነካው?» አለ ባሌ።

«አዎ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች፣ ልታጫውተው ፈልጋ ፈገግ እያለች። «ሲበጠስ ዞር ብለው ማን መታኝ አላሉም? ይህ ጅማት ሲበጠስ ልክ ሰው ከኋላ በእርግጫ የመታን ነው የሚመስለው። ወላሂ፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ እንደዚያ ይላል። ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ሲሮጥ የተበጠሰበት እንኳ ዞሮ ማን መታኝ ይላል።»

እኛ አልሳቅንም። እሷም ፈገግታዋን ሰበሰበችና «ምነው? ምን አጠፋሁ?» አለች።

ባሌ በሆዱ እንደተኛ ነው። ፊቱ አልጋው ውስጥ ተደፍቷል። ጀርባው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ካገባሁት ጀምሮ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ እናቱ ስትሞት እንኳ። ዶክተሯ እግሩን ያመመው መስሏት «አብሽሩ አባቴ፣ አብሽሩ» እያለች ጀርባውን ትዳብሰዋለች። እኔም አልነገርኳት። ምን ብዬ ልንገራት? ለእሱ ማዘኔን ወይስ እሱን መጥላቴን መለየት አልቻልኩም፤ ሁለቱም ነበር።

ቀዶ ጥገና ዘግይቷል፣ ቢሞከርም እንደ ድሮው አይሆንም አለችን። እንደገና በእግር ጣት ብድግ ማለት አይችልም፤ ወረብ የለም፤ የሌሊት ቁመት የለም። ይህን ስትናገር ባሌ የሰማት አይመስለኝም። ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ያለኝ አንድ ነገር ነው።

«ደውይለት።»

ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ከመናኸሪያው ደወልኩ፣ ከመኪናው ውስጥ ደወልኩ። ለጓደኞቹ ቤተሰብ ደወልን፤ እነሱም ከልጆቻቸው ወሬ አጥተዋል። ፈንታሁን ሲሰማ እየሮጠ መጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ፤ ባሌ አነሣውና «አንተንስ ለምኜህ ነው፤ ልጄን ግን ማንም አልለመነኝም፣ በራሴ ነው የረገምኩት» አለው። እርግማኑን ለማንሣት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ ድሮ ይቆምበት በነበረው ዓምድ ሥር ተቀምጦ፣ ይሄነውን በስሙ እየጠራ መረቀው። ግን የረገመው በልጁ ጆሮ ነው፤ ምርቃቱም በዚያው ጆሮ ካልገባ ልቡ አላረፈለትም።

ስልኩን በአንገቱ ማንጠልጠል የጀመረው ያኔ ነው። የሚለውንም አዘጋጅቶ ነበር፤ ማታ ማታ ሲያጠናው እሰማዋለሁ። «አልመታኸኝም ልጄ። መርፌው ነው። እርግማኑን አንሥቻለሁ። አፉ በለኝ።» አባት ልጁን አፉ በለኝ ሲል በአገራችን ተሰምቶ አያውቅም። እሱ ግን ድንጋይ ተሸከም ቢሉትም ይሸከም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ምስር እየለቀምኩ ስልኩ ጮኸ። የማናውቀው ረጅም ቁጥር ነው። ባሌ በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ልማዱ፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ «ሃሎ፣ እንደምን ዋላችሁ፣ ማን ልበል?» አለ።

ነፋስ ይሰማል፤ የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ የልጄ ድምፅ መጣ፤ ተጣድፏል።

«አባባ፣ እኔ ነኝ፣ አይዝጉብኝ! ከባሕሩ ደርሰናል፣ ጀልባ ልንሳፈር ነው። መትቼዎታለሁ፣ አምኛለሁ። እርግማኑን ያንሡልኝና ልሂድ። አባባ፣ አፉ ይበሉ…»

«አልመታኸኝም!» አለ ባሌ። «ይሄነው! አልመታኸኝም! አልመታኸኝም!»

እየጮኸ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ስልኩን ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ ባደርገው ጸጥ ብሏል። የተቋረጠው ከመጮኹ በፊት ይሁን በኋላ አናውቅም። በዚያው ቁጥር ብንደውል፣ ብንደውል፣ የሚያነሣ የለም። በዚያ ሰሞን ስለ ጀልባ ብዙ ወሬ ተወራ፤ አንዱ ደረሱ ይላል፣ አንዱ ሌላ ይላል። መርዶም አልመጣም፣ ድምፅም አልመጣም። ልቅሶ ልቀመጥ ብል ሞተ የሚለኝ የለም፤ አላልቅስ ብል አለ የሚለኝ የለም። እንዲህ ያለውን ኀዘን ለጠላትም አልመኝ።

አሁን ማኅሌቱን ሌላ ሰው ይመራል። ባሌ በዓል ሲሆን ሄዶ ጥግ ላይ ይቀመጣል፤ ሌላውን ቀን የሚውለው በራችን ላይ ነው፣ ኔትዎርክ ደህና የሚይዘው እዚያ ስለሆነ። ልጁ ያወረደው ድንጋይ እዚያው አለ፤ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። መቀመጥ የማይችለው ሰው ጠዋት ተቀምጦ እስኪመሽ አይነሣም።

ስልኩ ሲጮህ «ሃሎ» አይልም። ሰላምታ ጊዜ ይበላል፣ ያን ቀን የበላው ሰላምታ ነው ይላል። የደወለው ፈንታሁን ይሁን፣ የቀበሌ ሰው ይሁን፣ ቁጥር የተሳሳተበት መንገደኛ ይሁን፣ መጀመሪያ የሚሰማው «አልመታኸኝም ልጄ» የሚለውን ነው። የሚያውቁን ሰዎች ተናግሮ እስኪጨርስ ዝም ብለው ይጠብቁታል። የማያውቁን ደንግጠው ይዘጋሉ። ሲዘጉበት መልሶ ይደውልላቸዋል፤ እሱ ቢሆንስ ብሎ።